ራውተር ሲተከል ከግድግዳው ይጀመራል

አዲስ ራውተር ይዞ ወደ ቤቱ የገባ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ እኔም ለዓመታት ያደረግሁት ያንኑ ነውና። ካርቶኑን ይከፍታል፣ መሣሪያውን ለኤሌክትሪክ ሶኬቱ በሚቀርበው ቦታ ያስቀምጣል፣ ከሥሩ የተለጠፈውን የይለፍ ቃል ስልኩ ላይ ያስገባል፣ አንድ ገጽ ሲከፈትለት ሥራው ተጠናቀቀ ብሎ ይነሣል። ከሳምንታት በኋላ መኝታ ቤት ውስጥ ቪዲዮ እየቆመ ሲያስቸግረው «ዋይፋዩ ደካማ ነው» ይላል፤ ይሁን እንጂ ችግሩ የዋይፋዩ ይሁን፣ የገመዱ ይሁን ወይም ከውጭ የሚመጣው መስመር፣ የሚለይበት ነገር በእጁ የለም።

እኔ አሁን የምከተለው ቅደም ተከተል ከዚህ የተለየ ነው። ሥራዬን የምጀምረው መስመሩ ወደ ቤት ከሚገባበት ከግድግዳው ሲሆን፣ ከዚያ የውጩን መስመር ወደሚቀበለው ሞደም፣ ከሞደሙ ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ ራውተሩ እያልሁ እመጣለሁ፤ እያንዳንዱ በትክክል መሥራቱን ካረጋገጥሁ በኋላ ብቻ ዋይፋዩን እነካለሁ። ዋይፋይ የመንገዱ መጨረሻ ነው፤ በግድግዳ፣ በርቀትና በጎረቤት መሣሪያዎች ምክንያት ከሰዓት ሰዓት የሚለዋወጠውም እርሱ ስለሆነ፣ ልኬቱን ከእርሱ የጀመረ ሰው ጥፋቱ የት እንዳለ ሊያውቅ አይችልም።

ይህን ያስተማረኝ አንድ ገመድ ነው። የተዋዋልሁት ፍጥነት በሰከንድ 300 ሜጋቢት ሆኖ ሳለ፣ ቤት ውስጥ የትም ብቆም ስልኬ የሚያሳየኝ 90 አካባቢ ብቻ ነበር። ለወራት አገልግሎት አቅራቢው ድርጅት ጋ እየደወልሁ አቤቱታ አቀረብሁ፤ እነርሱም በየጊዜው መስመሩን ከርቀት ፈትሸው ጤነኛ ነው ይሉኝ ነበር። በመጨረሻ ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኝቼ ስለካ 94 አገኘሁ። ከዚያ ራውተሩን ትቼ፣ ላፕቶፑን በሌላ ገመድ ከሞደሙ ጋር በቀጥታ ሳገናኘው 290 አለፈ። ጥፋቱ እንግዲህ የመስመሩም የዋይፋዩም አልነበረም፤ በሞደሙና በራውተሩ መካከል የተዘረጋው፣ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ገመድ ነበር።

ገመዱን አውጥቼ ባየው የጠረጴዛው እግር ተጭኖት አንዱ ቦታ ላይ ጠፍጥፎታል። የኢተርኔት ገመድ ውስጡ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ማለትም 4 ጥንዶች አሉት። በሰከንድ 1 ጊጋቢት፣ ማለትም 1,000 ሜጋቢት፣ ለማስተላለፍ አራቱም ጥንዶች ያስፈልጋሉ፤ ለ100 ሜጋቢት ግን ሁለት ጥንዶች ይበቃሉ። ስለዚህ ለ100 ከማያስፈልጉት ሽቦዎች አንዱ ሲበጠስ ብዙ መሣሪያዎች ግንኙነቱን ከማቋረጥ ይልቅ ለማንም ሳይናገሩ ወደ 100 ይወርዳሉ፤ ከዚያ ላይ መረጃው የሚጠቀለልበት ሲቀነስ ለተጠቃሚው የሚደርሰው 94 ወይም 95 ያህል ነው። በገመድ ስትለኩ ውጤቱ ሁልጊዜ 94 ላይ የሚቆም ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ገመዱን ይሁን፤ ቀጥሎም ከመሣሪያዎቹ አንዱ ከ100 በላይ የማይችል አሮጌ እንደሆነ ተመልከቱ።

አሁን ወደ ግድግዳው እንመለስ። ሞደም የውጩን መስመር ምልክት ኮምፒውተር ወደሚረዳው ቋንቋ የሚቀይር ሲሆን፣ ራውተር ደግሞ አንዱን ግንኙነት ለቤቱ መሣሪያዎች ሁሉ የሚያከፋፍል ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ሣጥን ውስጥ ስለሚመጡ ልዩነታቸው ይዘነጋል። መስመሩ በስልክ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ፣ በዚያው መስመር ላይ ያለ የድምፅ ስልክ ሁሉ በትንሿ ማጣሪያ በኩል መገናኘት አለበት፤ አንድ የተረሳ ስልክ መስመሩን በሙሉ ሊረብሽ ይችላል። በፋይበር ከሆነ ግን ከመስተዋት የተሠራ ክር ስለሆነ አጥብቆ ማጠፍ አይገባም፣ ጫፉን በጣት መንካትም ሆነ በዓይን አቅርቦ መመልከት አይገባም። ከሞደሙ የሚመጣው ገመድ የሚሰካው ከሌሎቹ ተለይቶ በተቀመጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙም በተለየው፣ «ዋን» ወይም «ኢንተርኔት» ተብሎ በተጻፈበት ቀዳዳ ነው። በስሕተት ከሌሎቹ አንዱ ላይ ከተሰካ ስልኩ ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝቶም ኢንተርኔት ላያገኝ ይችላል፤ መብራቶቹ ሁሉ በርተው ሳለ ምንም ገጽ የማይከፈትበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ራውተሩ ከአቅራቢው ድርጅት ጋር የሚተዋወቅበት መንገድም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ መስመር ራውተሩ እንደተሰካ ራሱ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ሌላው ግን ፒፒፒኦኢ በተባለው ዘዴ የሚሠራ ሆኖ ከድርጅቱ የተሰጠ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ይህ የይለፍ ቃል ከዋይፋዩ የይለፍ ቃል ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። ማሳሰብ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፦ ከራውተሩ ጀርባ ባለችው ቀጭን ቀዳዳ ሹል ነገር አስገብቶ ለ10 ሰከንድ ያህል መጫን መሣሪያውን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ የተጠቃሚው ስም አብሮ ይጠፋል። ብዙ ሰው በቅን ልቦና «ሪሴት ላድርገው» ብሎ ይጫንና የሚሠራውን መስመር ያቋርጣል። አጥፍቶ ማብራት ሌላ፣ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ መመለስ ሌላ ነው፤ ስሙና የይለፍ ቃሉ ወረቀት ላይ ሳይሰፍሩ ወደዚያች ቀዳዳ አትቅረቡ።

የማስተካከያው ገጽ የሚከፈተው በብሮውዘር አድራሻ መጻፊያ ላይ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ተብሎ ሲጻፍ ነው፤ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ መሣሪያው ላይ ተለጥፏል። ከ192.168 የሚጀምሩት ቁጥሮች በ1996 ለግል ኔትወርኮች ተብለው የተለዩ ናቸው፤ ኢንተርኔት ላይ አድራሻ ሆነው ስለማይወጡ የእኔም የጎረቤቴም ራውተር አንድ ዓይነት ቁጥር ቢኖራቸው አይጋጩም። ግጭት የሚፈጠረው በአንድ ቤት ውስጥ ነው። ከድርጅቱ የተሰጠው ሣጥን ራሱ ራውተር ከሆነና ከኋላው የራሳችንን ራውተር ከሰካን፣ ሁለቱም አድራሻ አዳይ ይሆናሉ፤ ሁለቱም 192.168.1.1 ነኝ ካሉ ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ይወሳሰባል። መፍትሔው የመጀመሪያውን ሣጥን «ብሪጅ» ወደሚባለው ሁኔታ ቀይሮ ሞደም ብቻ እንዲሆን ማድረግ፣ ካልሆነም የራሳችንን ራውተር «አክሰስ ፖይንት» ወደሚለው፣ አድራሻ ሳያድል ዋይፋይ ብቻ ወደሚያሰራጭበት ሁኔታ መቀየር ነው። አድራሻ የሚያድል አንድ ብቻ ይሁን።

ገጹ እንደተከፈተ፣ ገና ዋይፋዩን ስም ሳናወጣለት፣ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል መቀየር ይገባል። በ2016 ሚራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም በብዙ መቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የቤት ራውተሮችንና ካሜራዎችን የተቆጣጠረው በረቀቀ ጥበብ አልነበረም፤ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙባቸውን ጥቂት ደርዘን የታወቁ ስሞችና የይለፍ ቃሎች እየሞከረ ነበር የሚገባው። ባለቤቶቹ ያልቀየሩት የይለፍ ቃል በሩን ክፍት ተወው። ቀጥሎ ፈርምዌሩን፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰውን የውስጥ ፕሮግራም፣ ማደስ ነው፤ መሣሪያው ካርቶን ውስጥ በቆየበት ጊዜ የተገኙ ክፍተቶች የሚደፈኑት በዚህ ነውና ራሱን እንዲያድስ የሚያዝዘው ምርጫ ካለ ይብራ።

በዋይፋዩ የሚያልፈው መረጃ ለሌላ ሰው እንዳይነበብ ስለሚያደርገው ስለ ምስጠራው ዓይነት ብዙ ማመንታት አያስፈልግም። ደብሊው ኢ ፒ የተባለው የመጀመሪያው ዘዴ ድክመቱ በ2001 ተጋልጧል፤ ዛሬ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰበራል። መመረጥ ያለበት በ2018 የወጣው ደብሊው ፒ ኤ 3 ሲሆን፣ አሮጌ ስልኮች አልገባ ካሉ በ2004 የወጣውን ደብሊው ፒ ኤ 2 ጨምሮ ሁለቱን የሚቀበለው ቅይጥ ምርጫ ይበቃል። የይለፍ ቃሉ ከ8 እስከ 63 ፊደላት ሊሆን ይችላል፤ አጭርና ምልክት የበዛበት ቃል ለሰው አስቸጋሪ፣ ለማሽን ግን ቀላል ስለሆነ፣ እርስ በርስ የማይገናኙ አራት አምስት ቃላትን ደርድሮ ረዘም ማድረግ እንደሚሻል አምናለሁ።

እዚህ ላይ ብዙዎች ችላ የሚሉትን ደብሊው ፒ ኤስ የተባለውን አገልግሎት በዝርዝር ላንሣው። የተፈጠረው የይለፍ ቃል መጻፍ ለሚያስቸግረው ሰው በ8 አኃዝ ቁጥር መግባት እንዲቻል ነው። ስምንት አኃዝ ሲባል መቶ ሚሊዮን አማራጭ ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን ስምንተኛው አኃዝ ከሰባቱ ተሰልቶ የሚገኝ ነው፣ ከዚህም የከፋው ራውተሩ ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎ የመጀመሪያዎቹ አራት አኃዞች ትክክል መሆን አለመሆናቸውን ለብቻ ይመልሳል። ስለዚህ ሰባሪው ለመጀመሪያው ግማሽ ቢበዛ 10,000፣ ለሁለተኛው 1,000፣ በጠቅላላው 11,000 ሙከራ ብቻ ይበቃዋል። ይህ በ2011 መጨረሻ ይፋ ከሆነ በኋላ አንዳንድ ፋብሪካዎች ሙከራን የሚገድብ መከላከያ ጨምረዋል። የይለፍ ቃላችን ሠላሳ ፊደል ቢሆንም እንኳ ይህ የጓሮ በር ክፍት ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነውና፣ እኔ ሁልጊዜ አጠፋዋለሁ።

ዋይፋይ የሚሠራባቸው ሁለቱ የተለመዱ ሞገዶች 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ ናቸው። የመጀመሪያው ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳንም በተሻለ ያልፋል፤ ግን ብሉቱዝም የማይክሮዌቭ ምድጃም እዚያው ስለሚሠሩ የተጨናነቀ ነው። ሁለተኛው ፈጣንና ሰፊ ሆኖ ሳለ ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። በ2.4 ላይ ያሉት ቻናሎች ማዕከላቸው በ5 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲራራቅ የእያንዳንዱ ስፋት ግን 20 ያህል ስለሆነ፣ አጠገብ ለአጠገብ ያሉት እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ ሳይነካኩ ጎን ለጎን መቆም የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። የጎረቤት ራውተር 6 ላይ ካለ እኔ 4 ብመርጥ ሁለታችንም እንጎዳለን። ከሦስቱ ጸጥ ያለውን መርጦ ስፋቱን 20 ላይ መተው ይሻላል።

ከቅንብር ሁሉ በላይ ለውጥ የሚያመጣው ግን የራውተሩ ቦታ ነው። የእኔው ራውተር በፊት የሚኖረው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ በር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ለዓይን አያስቀይምም ብዬ። አንድ ቅዳሜ ረጅም ገመድ ገዝቼ ራውተሩን በእጄ ይዤ ቤቱን ዞርሁ፤ በየቦታው እያስቀመጥሁ መጨረሻው ክፍል እየሄድሁ በስልኬ ለካሁ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሳለ መጨረሻው ክፍል የሚደርሰው 22 ሜጋቢት ነበር። የሣጥኑን በር ብቻ ስከፍተው 31 ሆነ። ኮሪደሩ ውስጥ ካለው ትልቅ መስተዋት አጠገብ ሳኖረው መልሶ ወረደ፤ ከመስተዋት ጀርባ ያለው የብረት ቅብ ሞገዱን ይመልሰዋልና። ኮሪደሩ መካከል ካለው የመጻሕፍት መደርደሪያ አናት ላይ ሳስቀምጠው 140 ሲያሳየኝ እንደገና ለካሁ፤ አላመንሁም ነበር። ቅንብሩን ሳልነካ፣ መሣሪያውን ሳልቀይር፣ ቦታ ብቻ ለውጬ ያገኘሁት ነው። የኢተርኔት ገመድ እስከ 100 ሜትር ስለሚሠራ ሞደሙ ከግድግዳው አጠገብ ቢቀርም ራውተሩን ወደ ቤቱ መካከል ማምጣት ይቻላል። ብረት፣ ማቀዝቀዣ፣ ውኃ የሞላበት በርሜልና ብረት ያለበት የኮንክሪት ግድግዳ በመካከል እንዳይቆሙ ማየት ነው። አንቴናው ዘንግ ዓይነት ከሆነ ሞገዱን የሚበትነው በዙሪያው ወደ ጎን ስለሆነ፣ ፎቅ ለሌለው ቤት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት።

ይህም ሆኖ የማይደረስበት ክፍል ካለ ሰዎች ቶሎ የሚገዙት ምልክት አጉዪውን መሣሪያ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ አጉዪዎች በአንድ ሬዲዮ ተቀብለው በዚያው ስለሚያስተላልፉ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ያወርዱታል። ቤት ውስጥ አሮጌ ራውተር ካለ የተሻለ መንገድ አለ፦ የራሱን አድራሻ ከዋናው የተለየ፣ ለምሳሌ 192.168.1.2 ማድረግ፣ ዲኤችሲፒ የተባለውን አድራሻ ማደያ ማጥፋት፣ ከዚያ ከዋናው ራውተር በገመድ ማገናኘት፤ ገመዱ በሁለቱም በኩል የሚሰካው በተራዎቹ የላን ቀዳዳዎች ነው፣ በዋን አይደለም። ስሙና የይለፍ ቃሉ ከዋናው ጋር አንድ ከሆኑ ስልኩ በቤቱ ሲዘዋወር ራሱ እየመረጠ ይያያዛል።

ሁሉም ሲጠናቀቅ አንድ ወረቀት እወስዳለሁ። የፒፒፒኦኢውን ስም፣ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል፣ የማስተካከያ ገጹን አድራሻና ቀኑን እጽፋለሁ፤ ከሥሩም ሦስት ቁጥሮችን፦ በገመድ ከሞደሙ፣ በገመድ ከራውተሩ፣ በዋይፋይ ከመጨረሻው ክፍል። ቁጥሮቹ ሜጋቢት መሆናቸውንም አሰፍራለሁ፣ ፋይል ስናወርድ የሚታየን ሜጋባይት የእርሱ 8 እጥፍ ስለሆነ 300ው 37 ሆኖ ሲታይ ማንም እንዳይደናገጥ። አምና ቪዲዮው እንደገና መቆም ሲጀምር ወረቀቱን አውጥቼ ሦስቱን ቁጥሮች በቅደም ተከተል ለካኋቸው፤ ገና የመጀመሪያው፣ ከሞደሙ የሚነሣው፣ 290 የነበረው 40 ሆኖ አገኘሁት። ድርጅቱ ጋ ደውዬ ይህንኑ ነገርኋቸው፤ በማግሥቱ ባለሙያ መጥቶ ከቤት ውጭ ያለውን መገጣጠሚያ ቀየረ።