የበር እጀታው የኛ ነው

የመጀመሪያው የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ወረቀት የመጣ ቀን ሁለታችንም ዝም አልን።

ቤቱን የገዛነው በኦገስት 2023 ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ዋጋው 505 ሺህ ዶላር። 5 በመቶ ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) ከፍለን የቀረውን 480 ሺህ ግድም ተበደርን፤ ለ30 ዓመት፣ በ7 በመቶ ወለድ። ክሎዚንግ ቀን፣ ማለትም ግዢው በፊርማ በሚያልቅበት ቀን፣ ስንት ወረቀት እንደፈረምኩ እንጃ። መጨረሻ ላይ እጄ ደክሞ ፊርማዬ የኔ አይመስልም ነበር። ቁልፉን ሲሰጡን በሩ ላይ ቆመን ፎቶ ተነሳን፣ አዲስ አበባ ላክን፣ እልልታው በድምፅ መልእክት መጣልን።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። የወሩ ክፍያ 3,193 ዶላር። ከዚህ ውስጥ ወለድ 2,800። ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 393። የንብረት ግብሩና ኢንሹራንሱ ደግሞ ከዚህ ላይ የሚጨመር ነው።

ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበበው። ተነሳና ወደ በሩ ሄዶ እጀታውን ያዘ። «በዚህ ወር የገዛነው ይሄን ነው» አለኝ። «የበር እጀታው የኛ ነው። ሌላው የባንኩ።»

ሳቅኩ፤ ግን ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ቁጥሩ አልለቀቀኝም። እኔ ነርስ ነኝ፣ የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። በሽተኛው ሁሉ ተኝቶ ኮሪደሩ ጸጥ ሲል ስልኬ ላይ ሒሳብ መምታት ጀመርኩ። በቀን ከ90 ዶላር በላይ ወለድ። ብተኛም ብነቃም፣ እሑድም፣ ለፋሲካም።

ማንም አላታለለንም። ወለዱ የሚሰላው በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ነው፤ የምንከፍለው ግን ሁሌ እኩል ነው። መጀመሪያ ላይ ዕዳው ትልቅ ስለሆነ ወለዱ ክፍያውን ሊውጠው ምንም አይቀረው። የክፍያ ሠንጠረዡን ስመለከት በመጀመሪያው ዓመት ከ38 ሺህ ዶላር በላይ ከፍለን ከዋናው የሚቀነሰው 4,900 እንኳ አይሞላም። በ30 ዓመት ውስጥ ወለዱ ብቻ 670 ሺህ ዶላር ይጠጋል። ከቤቱ ዋጋ ይበልጣል ማለት ነው። ይሄን ፈርመናል፤ በራሳችን እጅ።

እማዬ በስልክ «ስንት ዓመት አልሽኝ?» አለች። ሠላሳ አልኳት። «እንዴ ልጄ! ያኔ ማን አለ ማን የለም?» እሷ ኮንዶሚኒየም የደረሳት በ20/80 ነው። በየወሩ ንግድ ባንክ ሄዳ ስትከፍል ደረሰኙን በፌስታል ታስቀምጥ ነበር። ከጡረታዋም፣ እኔ ከምልክላትም እየቆነጠረች ጊዜው ሳይደርስ ጨረሰችው። «ከዕዳ ነፃ የሚለውን ወረቀት እስክይዝ ድረስ ግድግዳው ላይ ምስማር መምታት እፈራ ነበር» ትላለች። አሁን ሳስበው ያ ፌስታል ከማንኛውም የገንዘብ አማካሪ ይልቅ ነው እኔን የጎተተኝ።

ስለዚህ በየወሩ 500 ዶላር ለመጨመር ወሰንን። ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ኦቨርታይም ሲገኝ ይገባል። እኔም በወር አንድ ሁለት ተጨማሪ ፈረቃ እይዛለሁ። 500 ዶላር በየወሩ ከጨመርን ዕዳው በ30 ዓመት ሳይሆን በ20 ዓመት ከ4 ወር ያልቃል። ከወለዱም ወደ 248 ሺህ ዶላር ይተርፋል። ካልኩሌተሩን ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ አልዋሸም። ውላችን ላይ ቀድሞ መክፈልን የሚያስቀጣ አንቀጽ እንደሌለም አረጋገጥን።

ሌላው ያናደደኝ ፒኤምአይ ነው። ከ20 በመቶ በታች ከፍለን ስለገዛን በየወሩ የምንከፍለው ኢንሹራንስ ነው። ኢንሹራንሱ ግን ለኛ አይደለም፤ እኛ መክፈል ቢያቅተን ለአበዳሪው ነው። ለራስህ ዋስ የሚሆን ሰው በደሞዝ እንደ መቅጠር ቁጠሩት! በ1998 የወጣ ሕግ አለ። ዕዳህ ቤቱ ሲገዛ ከነበረው ዋጋ 80 በመቶ ሲደርስ ይነሳልኝ ብለህ በጽሑፍ መጠየቅ ትችላለህ። ካልጠየቅክ፣ በሠንጠረዡ መሠረት 78 በመቶ በሚደርስበት ቀን ራሳቸው ማንሳት አለባቸው። ለኛ 80 በመቶው 404 ሺህ ነው። ዝም ብለን ብንከፍል ወደ 11 ዓመት ሊፈጅብን ነው፤ 500 ስንጨምር ከ6 ዓመት በታች።

በጃንዋሪ 2024 ጀመርን። በማርች ወረቀቱን ሳየው ዕዳው በጠበቅኩት ልክ አልወረደም። ደወልኩ። ለካ ጭማሪውን ሁለቱንም ጊዜ ለሚቀጥለው ወር ክፍያ ብለው አስቀምጠውታል። ከዋናው ላይ አንድ ሳንቲም አልነኩም። (ብድራችን በሦስተኛው ወር ለሌላ ድርጅት ተሸጦ ነበር፤ ማን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ራሱ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።) ስልኩን ያነሳችው ልጅ ጨዋ ነበረች። «ሲከፍሉ ለዋናው ዕዳ የሚለውን ሳጥን ምልክት ማድረግ አለብዎት» አለችኝ። አንዲት ትንሽ ሳጥን! እንዲያስተካክሉት አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ከከፈልኩ በኋላ ተመልሼ የዕዳውን ቀሪ አያለሁ። እናንተም እዩ።

ሥራ ቦታ ይሄን ሳወራ አንዷ ጓደኛዬ እሷም መጨመር እንዳለባት ጠየቀችኝ። እሷ የገዛችው በ2021 መጀመሪያ ነው፣ ወለድ ወለል በነካበት ጊዜ። ብድሯ ከ3 በመቶ በታች ነው። አንቺ ተይው አልኳት። የቁጠባ ሒሳብ ከ4 በመቶ በላይ እየከፈለ በ3 በመቶ የተበደርሽውን ለመመለስ ምን አጣደፈሽ? እኛን የሚያጣድፈን 7 በመቶው ነው። እሷ የኔን 7 በመቶ ስትሰማ ፊቷ ላይ ያየሁትን ሐዘን አልረሳውም፤ ሰው የሞተብኝ ነው የመሰለው።

እቁብም አለን። 24 ሰው፣ በወር 500 ዶላር። በጥቅምት ዕጣው ለኛ ወጣ፤ 12 ሺህ ዶላር። ዳኛው ዋስ ጠየቁን፣ ዋስ አቀረብን፣ ገንዘቡን ተቀበልን። ባለቤቴ ለአንድ ሌሊት እንኳ ሊያሳድረው አልፈለገም። «በዓመት 840 ዶላር ወለድ ነው የሚያስቀረው» አለ። እውነቱን ነው። እኔም ሳጥኗ ላይ ምልክት አድርጌ ሙሉውን ላክሁት። ያን ለታ ማታ ከባንኩ ላይ ሳሎኑን ነጠቅነው ብለን ቡና አፈላን። ዕዳው በዓመቱ መጨረሻ ወደ 455 ሺህ ወርዶ ነበር።

በጃንዋሪ፣ ውጭው በረዶ ሆኖ፣ ምድር ቤት ያለው የሙቅ ውኃ ጋን ፈነዳ።

ከፈረቃ ተመልሼ ልታጠብ ቧንቧውን ስከፍት ቀዝቃዛ። ወደ ታች ስወርድ ጫማዬ ውኃ ውስጥ ገባ። ባለሙያው ጋኑን ለመቀየር 2,300 ዶላር አለን። ቁጠባችን ውስጥ የነበረው 600 ነው። ከዕዳችን ላይ 25 ሺህ ዶላር ቀንሰን ለሙቅ ውኃ የሚሆን አልነበረንም። ቤት ውስጥ የገባ ገንዘብ ደግሞ ተመልሶ አይወጣም። ባንኩን «ባለፈው ካስገባሁት ላይ ትንሽ መልሱልኝ» አትለውም፤ ሌላ ብድር መጠየቅ ነው። እቁቡም ከተበላ በኋላ የሚከፈል ነው፤ ገና ብዙ ወር ይቀረን ነበር። ምን እናድርግ? ክሬዲት ካርዱን አወጣን። 24 በመቶ። 7 በመቶ ስንሸሽ 24 በመቶ ላይ ወደቅን።

ያን ሰሞን ተኮራረፍን። እሱ እኔን «ሒሳብ ሒሳብ ስትዪ» አለኝ፤ እኔ ደግሞ እቁቡን ማን ነው ለአንድ ሌሊት አያድርም ያለው አልኩት። ለእማዬ አልነገርኳትም። በድምፄ አወቀችው መሰለኝ፣ «ዘንድሮ ለበዓል አትላኪ፣ አለኝ» አለችኝ። እንደሌላት አውቃለሁ። ላክሁላት።

ካርዱን ለመጨረስ አምስት ወር ፈጀብን። እስከዚያ ሞርጌጁ ላይ ምንም አልጨመርንም። በዚያው መሃል የንብረት ግብሩና ኢንሹራንሱ ጨምሮ የወሩ ክፍያችን ከፍ አለ። የማይለዋወጠው ለዋናውና ለወለዱ የምንከፍለው ድምር ብቻ መሆኑን ያወቅሁትም ያኔ ነው።

አሁን መጀመሪያ የሦስት ወር ወጪ የሚሆን በተለየ ሒሳብ አስቀመጥን። አንነካውም። ከሥራ ቦታዬ የጡረታ ቁጠባም አሠሪው እኩል የሚጨምርልኝን ያህል እያስቆረጥኩ ነው፤ እሱን መተው ደሞዝ እንደ መመለስ ነው። ከዚያ የተረፈው ለቤቱ። 500ው 300 ሆኗል። ስሌቱን እንደገና ሠርቼዋለሁ፤ የሚያልቅበት ቀን ወደ ኋላ ሄዷል። እንደ ድሮው አያንገበግበኝም ብል ውሸት ነው።

ትናንት የዚህ ወር ወረቀት መጣ። ባለቤቴ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ከፈተው፣ በጣቱ መስመር መስመሩን ተከተለ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ደረጃውን ጨረስን» አለኝ።

«እስከ የት?»

«እስከ ምድር ቤቱ በር። ምድር ቤቱን ግን አልፈልገውም። እሱ ለባንኩ ይቅር።»