የቱን ስፓ?

የምሠራው በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ የስፖርት ክፍል ውስጥ ነው። አቅራቢዎቹ ስቱዲዮ ገብተው የሚያነቡትን ጽሑፍ የምናዘጋጀው እኔና ሁለት ባልደረቦቼ ነን። አብዛኛው ቀን እግር ኳስ ነው። የመኪና ውድድር ሲመጣ ግን ሁሉም ወደ እኔ ያያል። ማንም አልመደበኝም፤ ስለምወደው ነው የያዝኩት።

የቤልጂየም ግራንድ ፕሪ፣ ማለትም የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር፣ ሊካሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረው አለቃዬ ጠራኝና «ስለ ስፓ ትራክ ታሪክ 10 ደቂቃ የሚሆን ነገር አዘጋጅ» አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ስፓ ፍራንኮርሻምፕ ለኔ ከሁሉም ትራኮች ይበልጣል። ጫካው፣ ቁልቁለቱ፣ አቀበቱ፣ ደግሞ በአንዱ ጫፍ ፀሐይ ወጥቶ በሌላው ጫፍ ዶፍ የሚወርድበት ያ ጉደኛ አየር። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ጠዋት ደግሜ ሳነበው ወደድኩት። ከሁሉ የወደድኩት ደግሞ መዝጊያውን ነበር። እንዲህ ይላል (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፦ «በ1970 በስፓ አንድ ዙር ለመጨረስ 3 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ዛሬ 1 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ይበቃል። በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ መኪናው ፍጥነቱን በእጥፍ አሳደገ።»

አቅራቢያችን አሳምራ አነበበችው። ከዚያ የስልክ መስመር ተከፈተ። ሦስተኛው ደዋይ በድምፃቸው ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መካኒክ ሆነው እንደሠሩ ተናገሩ። «ልጆቼ፣ ዝግጅታችሁ ጥሩ ነው» አሉ። ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ ግን «የቱን ስፓ ነው የምታወሩት?» ብለው ጠየቁ።

አቅራቢያችን ግራ ገባት። «አባቴ፣ የቤልጂየሙን ነው» አለች።

«እሱማ ገብቶኛል። የድሮውን ነው ወይስ የአሁኑን? የድሮው እኮ 14 ኪሎ ሜትር ነው። የአሁኑ 7 ነው። መንገዱን በግማሽ ቆርጣችሁለት በግማሽ ጊዜ ሲገባ፣ እጥፍ ፈጠነ ይባላል እንዴ?»

እኔ ከመስታወቱ ማዶ ነበርኩ። ላብ አጠመቀኝ። አቅራቢያችን ወደ እኔ ዞር ብላ አየች። ምን ልበላት? ሰውየው ልክ ናቸው። ራሴን ነቀነቅኩላት፤ እሷም «ልክ ብለዋል አባቴ፣ አጣርተን እንመለስበታለን» ብላ በክብር ሸኘቻቸው።

ያንገበገበኝ አለማወቄ አልነበረም። አውቀው ነበር። ትራኩ በ1979 እንዳጠረ በዚያው ጽሑፍ ሁለተኛ ገጽ ላይ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። አራተኛ ገጽ ላይ ስደርስ ግን የዙር ሰዓት ከሰንጠረዥ ላይ አነሳሁ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀመጥኩ፣ ቁጥሮቹም ቆንጆ ሆነው ታዩኝ። በቃ። የማውቀው ነገር ሁለት ገጽ ርቆ ቀረ። እንዲህ ዓይነቱ ስህተት ከአለማወቅ ይከፋል፤ የማያውቅ ሰው ቢያንስ ሊጠይቅ ይችላል።

ከስርጭት በኋላ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ማካፈል ጀመርኩ። በ1970 በውድድሩ ፈጣኑን ዙር ያስመዘገበው ክሪስ ኤሞን ነው፤ 3 ደቂቃ ከ27.4 ሰከንድ። ማለትም 207.4 ሰከንድ። ትራኩ 14 ሺህ 100 ሜትር ነበር። ሲካፈል በሰከንድ 68 ሜትር ገደማ ይመጣል፤ በሰዓት 244.7 ኪሎ ሜትር። ቀጥዬ የዛሬውን ያዝኩ። በስፓ በውድድር ላይ የተመዘገበው የዙር ሪከርድ ሰርጂዮ ፔሬዝ በ2024 የሮጠው 1 ደቂቃ ከ44.701 ሰከንድ ነው። ትራኩ 7 ሺህ 4 ሜትር። ሲካፈል በሰከንድ 67 ሜትር ገደማ፤ በሰዓት 240.8።

ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አካፈልኩ። ያው ነው። እጥፍ ፈጠነ ያልኩት መኪና በአማካይ ከ1970ው ያዘግማል!

ለነገሩ ይሄም ቢሆን እንዲሁ የሚለቀቅ ቁጥር አይደለም። በማጣሪያ ዙር የዛሬዎቹ መኪኖች ከዚህ ይፈጥናሉ። ሉዊስ ሃሚልተን በ2020 ፖል ፖዚሽን (ከሁሉም ፊት የመነሳት ቦታ) የወሰደበት 1 ደቂቃ ከ41.252 በሰዓት 249 ኪሎ ሜትር ነው። ደግሞም ሁለቱ ትራኮች በርዝመት ብቻ አይደለም የሚለያዩት። የድሮው አብዛኛው ሰፋፊ ኩርባና ረጅም ቀጥታ መንገድ ነው፤ ፍሬን የሚነካበት ቦታ ጥቂት ነው። የአሁኑ ላይ ግን ሌ ኮምብና ሪቫዥ የሚባሉ ፍሬን የሚያስይዙ ኩርባዎች አሉ፣ መጨረሻ ላይ መኪናውን ሊያቆመው የሚደርስ ሽካን (ግራ ቀኝ የሚጠማዘዝ ጠባብ መታጠፊያ) አለ። ስለዚህ ሁለቱን ሰዓቶች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ስለ መኪናው ምንም መናገር አይቻልም። የሚናገሩት ስለ መንገዱ ነው። እኔ ደግሞ የተጠየቅኩት የመንገዱን ታሪክ ነበር።

ያን ማታ ቤት አልገባሁም ማለት ይቻላል። አንድ ነጭ ወረቀት ላይ የድሮውን ትራክ በሰማያዊ፣ የአሁኑን በቀይ ሳልኩ። ሁለቱ ከላ ሱርስ ጠባብ ኩርባ ተነስተው ቁልቁል አብረው ይወርዳሉ፤ ኦ ሩዥ የምትባለውን ትንሽ ወንዝ ተሻግረው፣ በረዲዮን አቀበት ወጥተው፣ በኬሜል ቀጥታ መንገድ እስከ ሌ ኮምብ ይዘልቃሉ። እዚያ ይለያያሉ። ቀዩ ወደ ቀኝ ታጥፎ በኮረብታው ላይ ይወርዳል። ሰማያዊው ግን ወደ ግራ ይቀጥላል፤ ቁልቁል ወደ ማልሜዲ፣ በማስታ ቀጥታ መንገድ፣ በቤቶች መካከል አልፎ እስከ ስታቭሎ፣ ከዚያ እንደገና ሽቅብ። ከብላንሺሞን በፊት ቀዩን ያገኘዋል። ሰማያዊው ቀዩን ሁለት እጥፍ ያህላል። ይሄን ሥዕል ከመጻፌ በፊት ስዬው ቢሆን ኖሮ ያቺ ዓረፍተ ነገር አትወለድም ነበር።

ሰማያዊውን የፈጠሩት ሰዎች አንዱ የሙያ ዘመዴ መሆኑን ሳስብ ደግሞ ይበልጥ ከነከነኝ። ዡል ደ ቲየር ላ ሞዝ የሚባል ጋዜጣ ሰው ነበር። እሱና ሄንሪ ላንግልዋ ቫን ኦፌም በ1920 ፍራንኮርሻምፕን፣ ማልሜዲንና ስታቭሎን የሚያገናኙትን የሕዝብ መንገዶች ይዘው ባለ ሦስት ማዕዘን ትራክ አወጡ። 15 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ1921 ሊደረግ የታሰበው የመኪና ውድድር የተመዘገበው ተወዳዳሪ አንድ ብቻ ስለነበር ቀረ፤ በዚያ ዓመት የሮጡት ሞተር ሳይክሎች ናቸው። በ1924 የ24 ሰዓቱ ውድድር ተጀመረ፤ ታዋቂው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት ውድድር «ለ ማን» ከጀመረ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። በ1925 የመጀመሪያውን ግራንድ ፕሪ አንቶኒዮ አስካሪ በአልፋ ሮሜዮ አሸነፈ፤ ብዙ ሳይቆይ በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ ሲወዳደር ሞተ። ሁሉም ሰው የሚወደው የረዲዮን አቀበት እንኳ መጀመሪያ አልነበረም። መኪኖቹ ታች ወደ ግራ ታጥፈው በድሮው የጉምሩክ ኬላ ዞረው ነበር ወደ ላይ የሚወጡት። አቀበቱ የተሠራው በ1939 ነው። እንግዲህ «ስፓ» የሚለው ስም ስንት መንገድ እንዳለበስነው ተመልከቱ።

ጽሑፉን ከመጀመሪያው ጀምሬ በቀይ እስክሪብቶ ሳጣራ ሁለተኛ ስህተት አገኘሁ። ይሄን ማንም አልደወለበትም። «አሽከርካሪው ኒኪ ላውዳ በስፓ ሁለት ጊዜ አሸንፏል» ብያለሁ። ላውዳ በ1975 እና በ1976 የቤልጂየምን ግራንድ ፕሪ አሸንፏል፤ ግን ሁለቱንም ያሸነፈው ዞልደር በሚባል ሌላ የቤልጂየም ትራክ ላይ ነው። ከ1970 በኋላ ፎርሙላ ዋን ስፓን ጥሎ ወጥቶ፣ ቤልጂየም ውድድሩን በኒቬልና በዞልደር ነበር የምታካሂደው። ስፓ የተመለሰው አጥሮ፣ በ1983 ነው፤ ያን ቀን ያሸነፈው አሊን ፕሮስት ነው። የቤልጂየም አሸናፊዎችን ዝርዝር የስፓ አሸናፊዎች ነው ብሎ ማንበብ ያው የመጀመሪያው ስህተት ነው። በአንድ ስም ስር ሁለት ነገር።

ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ሁለቱንም ነገርኩት። «ሁለተኛውን እኮ ማንም አላወቀም» አለኝ። «እኔ አውቄዋለሁ» አልኩት። ትንሽ አሰበና «አንድ ዓረፍተ ነገር ማስተካከያ እናንብብ» አለ። እኔ አምስት ደቂቃ ለመንኩት። የተሳሳተ ቁጥር ብቻ አንስቶ ልኩን መተካት ለአድማጩ ምንም አይጨምርለትም። መንገዱ ለምን አጠረ የሚለውን መናገር ነበረብን፤ በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ «በ1979 አጠረ» ብዬ በአንድ መስመር አልፌው ነበርና። በአንድ መስመር የሚታለፍ ነገር አልነበረም። አለቃዬ ፈቀደ።

ማስተካከያውን አንብበን ወደ 1960 ገባን። በዚያ ዓመት በአንድ ውድድር፣ በደቂቃዎች ልዩነት፣ አሽከርካሪዎቹ ክሪስ ብሪስቶውና አለን ስቴሲ ሞቱ። ስቴሲን ፊቱን የመታው ወፍ ነው። ከዚያ በፊት በልምምድ ስተርሊንግ ሞስ እግሮቹ ተሰብረው ነበር። ጂም ክላርክ ከ1962 እስከ 1965 በተከታታይ አራት ጊዜ እዚህ አሸንፏል፤ ትራኩን ግን ከልቡ ይጠላው ነበር። የሚጠላውን መንገድ አራት ጊዜ ማሸነፍ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ከዚያ 1966። ውድድሩ ሲጀመር መነሻው ላይ ዝናብ የለም። የትራኩ ማዶ ግን ውሃ ሆኗል። በመጀመሪያው ዙር ብቻ ከተነሱት መኪኖች ግማሽ ያህሉ ከመንገድ ወጡ። ጃኪ ስቲዋርት በማስታ በኩል በሰዓት 265 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ወጣ። መኪናው ተጨማድዶ ቆመ፤ እሱ መሪው ስር ተቆልፎ ቀረ። ነዳጁ ይፈሳል። ልብሱ በነዳጅ ረጥቧል። አንድ ብልጭታ ይበቃል። ያወጡት ሠራተኞች አልነበሩም፤ እዚያው አጠገብ የወጡት ተወዳዳሪዎች ግራሃም ሂልና ቦብ ቦንዱራንት ናቸው። መሪው ካልተፈታ አይወጣም፣ መሪውን ለመፍታት መፍቻ ያስፈልጋል፣ መፍቻ ደግሞ በዚያ ሁሉ ኪሎ ሜትር ትራክ ዳር ማንም አላዘጋጀም። ከአንድ ተመልካች መኪና መፍቻ ተዋሱ። ስቲዋርት 25 ደቂቃ ያህል እንደዚያ ቆየ። የጫነው አምቡላንስም ወደ ሊዬዥ ከተማ ሲሄድ መንገድ ጠፋበት። ከዚያ በኋላ ስቲዋርት ሲወዳደር መሪው አጠገብ መፍቻ በፕላስተር አስሮ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ደግሞ ስለ ትራክ ደህንነት ተሟገተ።

በ1969 አሽከርካሪዎቹ እምቢ ስላሉ ውድድሩ ቀረ። በ1970 የብረት አጥር ተጨምሮ አንድ ጊዜ ተመለሱ፤ ፔድሮ ሮድሪጌዝ ኤሞንን በ1.1 ሰከንድ ቀድሞ አሸነፈ። የዚያ ቀን አማካይ ፍጥነት በሰዓት ከ241 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በቤቶችና በስልክ ምሰሶዎች መካከል። ሰማያዊው ትራክ ላይ ፎርሙላ ዋን የሮጠበት የመጨረሻው ቀን ይሄ ነው። እኔ «እጥፍ ፈጠነ» ብዬ የዘጋሁት እንግዲህ ይሄን ሁሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ይዣለሁ። የትራክ ቁጥር ስጽፍ ከጎኑ ዓመቱንና ርዝመቱን በእርሳስ እጽፋለሁ፣ አየር ላይ ባይነበብም። የተካሄደውን ዙር ቁጥርም እንደዚያው። በ2021 ስፓ ላይ በዝናቡ ምክንያት ሴፍቲ ካር (ፍጥነት የሚገታውን መሪ መኪና) ተከትለው ሦስት ዙር ብቻ ሄደው፣ ውጤቱ ከአንደኛው ዙር ተወስዶ፣ ማክስ ፈርስታፐን አሸናፊ ተብሎ ግማሽ ነጥብ ተሰጥቷል። ድሎችን ብቻ የቆጠረ ሰው ይህንንና የ1970ውን እኩል ይደምራቸዋል።

ማስተካከያው በተነበበ ቀን ሽማግሌው እንደገና ደወሉ። ይሄኔ ስልኩን ራሴ አነሳሁት። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸውና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ስለ ስህተቱ አንድም ቃል አላነሱም። «ያ መፍቻ ያዋሰው ተመልካች አለ አይደል?» አሉኝ። «አዎ፣ አባቴ» አልኩ። «እኔ ብሆን ከሱ ነበር የምጀምረው» አሉና ስልኩን ዘጉት።