ማንም ያልፈለገውን ጌም ፍለጋ

አሮጌ የቪዲዮ ጌም እንደምሰበስብ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እቤት የድሮ ፕሌይስቴሽን አለን፤ ስንት ያወጣል?» መልሴ ብዙዎችን ያስኮርፋል። ይህ ነው የሚባል ዋጋ የለውም፤ ልጆች ቢጫወቱበት ይሻላል እላለሁ።

እርጅና ብቻውን ዋጋ አይሆንም። የአያቶቻችንን ጠገራ ብር አስቡት። ላዩ ላይ 1780 ይላል። ዓመቱን ያየ ሰው ትልቅ ቅርስ ያገኘ ይመስለዋል። ግን ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላም ያንኑ 1780 እንደያዘ ለብዙ ዘመን ሲመረት ኖሯል። ስለዚህ አንጥረኛው የሚገዛው መዝኖ ነው። ጌምም እንደዚያው ነው። በሚሊዮን የተመረተ ዲስክ ሃያ ዓመት ቢቆይም ያው በሚሊዮን የተመረተ ዲስክ ነው።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሥራዬ ሞባይል ጥገና። መሰብሰብ የጀመርኩት ጌም ቤቶች አንድ በአንድ መዘጋት ሲጀምሩ ነው። ልጆቹ ስልክ ላይ መጫወት ለመዱ። ባለቤቶቹ ቤቱን ጁስ ቤት ወይም ፀጉር ቤት አደረጉት። ዕቃው ካርቶን ውስጥ ታጭቆ ጓዳ ገባ። የዚያ ካርቶን ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ብር ከማውጣቴ በፊት ግን ማንበብ ጀመርኩ። ለምን አንዱ ጌም የበሬ ዋጋ ሲያወጣ ሌላው የሻይ እንኳ አያወጣም? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በጣም ያስገረመኝ «ስታዲየም ኢቨንትስ» የሚባለው ነው። ባንዳይ የተባለው ኩባንያ በ1987 ለኒንቴንዶ ማጫወቻ አሜሪካ ውስጥ ያወጣው የሩጫ ጌም ነው። መሬት ላይ የሚነጠፍ ምንጣፍ አለው፤ እሱ ላይ ቆመህ በእግርህ ትሮጣለህ። ለሯጭ አገር ልጆች የተሠራ ይመስላል። ብዙም ሳይቆይ ኒንቴንዶ የምንጣፉን መብት ገዛና በራሱ ስም ማውጣት ፈለገ። ጌሙም ስሙ ተቀይሮ «ወርልድ ክላስ ትራክ ሚት» ተብሎ ወጣ። የመጀመሪያው ከሱቅ ተሰበሰበ። ሁለቱ ውስጣቸው ያው ነው፤ ሯጩም መሮጫውም አልተለወጠም። አዲስ ስም ያለውን ዛሬ በጥቂት ዶላር ትገዛዋለህ። ሳይሰበሰቡ በፊት የተሸጡት ጥቂት ኮፒዎች ግን ካርቶናቸው ካለ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣሉ። ልዩነቱ የላይኛው ወረቀት ነው!

ጭራሽ ሱቅ ያልገቡም አሉ። ኒንቴንዶ በ1990 አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ውድድር አድርጎ ነበር። ለመጨረሻ ዙር ተወዳዳሪዎች 90 ግራጫ ካሴት (ጌሙን የያዘ፣ ማጫወቻው ላይ የሚሰካ የፕላስቲክ ዕቃ) ሰጠ። ሌላ 26 ወርቃማ ካሴት ደግሞ በመጽሔቱ በኩል በሽልማት ወጣ። ከዚህ በላይ የለም። እንዲህ ያለው ዓባይን ተሻግሮ እኔ ዘንድ ይመጣል ብዬ አልጠብቅም፤ ለማወቅ ያህል ነው።

ተቃራኒው አታሪ የተባለው የጌም ኩባንያ ያወጣው «ኢ.ቲ.» ነው። በ1982 ለገና ገበያ ተብሎ በጥድፊያ ተሠራ። ከሚሸጠው በላይ ተመረተ። ኩባንያው በ1983 ያልተሸጠውን ዕቃ ኒው ሜክሲኮ፣ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቀበረው። በ2014 ሰዎች ቆፍረው አወጡት። አሁን ነገሩን ልብ በሉ። ከአንድ ሰው ጓዳ የወጣ ንጹሕ «ኢ.ቲ.» ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከቆሻሻው የወጣው፣ የተጨማደደውና አፈር የበላው ግን ከከተማዋ ማስረጃ ጋር ለጨረታ ቀርቦ በድምሩ ከ100,000 ዶላር በላይ አስገባ። ሰው የገዛው ታሪኩንና ማስረጃውን ነው። ለዚህ ነው እኔ ዕቃ ስገዛ ከማን እንደመጣ፣ መቼ እንደገባ፣ ማን እንዳመጣው ደብተር ላይ የምጽፈው።

ስለ ታሸገ ጌም ብዙ ማውራት አልወድም፤ ግን ሳይነሳ አይታለፍም። «ሱፐር ማሪዮ 64» በ1996 ወጥቶ ከ11 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ብርቅ የሚባል ነገር የለውም። ሆኖም በሐምሌ 2021 ላስቲኩ ያልተቀደደ አንድ ኮፒ በ1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የተከፈለው ለላስቲኩ ነው፤ ሁኔታው በባለሙያ ተመዝኖ 9.8 ነጥብ አግኝቶ ነበር። ያኔ ኮሮና ነበር፤ ሰው እቤቱ ተቀምጦ ዋጋ ሰቀለ፤ በኋላ ገበያው ቀዘቀዘ። ማንም የማይከፍተው ጌም ለእኔ ጌም አይደለም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ገባኝ። ውድ የሚሆነው ሁለት ነገር ሲገናኝ ነው፤ ያኔ ጥቂት ሰው ከገዛው፣ ዛሬ ደግሞ ብዙ ሰው ከፈለገው። ጥቂት መሆኑ ብቻ አይበቃም። ማንም የማይፈልገው ብርቅ ነገር ሞልቷል።

እንግዲህ ይህን ይዤ ወደ ጎጃም ካርቶኖች ገባሁ። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ባሕር ዳር። ለጥገና ዕቃ ስሄድ እግረ መንገዴን ጌም የነበረበትን ቤት አጠያይቃለሁ። ብዙው የሚወጣልኝ አንድ ዓይነት ነው። ፊፋ፣ ዊኒንግ ኢለቨን፣ ሳን አንድሪያስ። ፊፋ ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ይወጣል፤ ያለፈው ዓመት ኮፒ ወዲያው ይረክሳል። ፕሌይስቴሽን 2 ራሱ ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ማጫወቻ ነው። ልጅነታችን የሞላው በእነዚህ ስለሆነ ውድ መስለው ይታዩናል። የገበያው ዓይን ግን ሌላ ነው።

ከዚያ ላይ ዘጠኝ እጁ የተቀዳ ነው። ማጫወቻው የተቀዳ ዲስክ እንዲቀበል ቺፕ ተደርጎለት፣ ዲስኩ ኮምፒውተር ላይ ተቀድቶ፣ ስሙ በማርከር ተጽፎ። አልፈርድም። ኦሪጅናሉን በዚያ ዘመን እዚህ ማን ይገዛዋል? ለሰብሳቢ ግን ምንም ዋጋ የለውም። መለየቱ ቀላል ነው። የፕሌይስቴሽን 1 ኦሪጅናል ዲስክ ታችኛው ገጹ ጥቁር ነው። የፕሌይስቴሽን 2 ብርማ ወይም ሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይ ጥርት ያለ ኅትመትና የጌሙ መለያ ቁጥር አለው። የተቀዳ ዲቪዲ ግን ታቹ ወደ ሐምራዊ ይወስደዋል። ለጌምቦይ አድቫንስ፣ ማለትም ለኒንቴንዶ የእጅ ማጫወቻ ካሴት ደግሞ ብርሃን ላይ አዘንብሎ ማየት ነው፤ የኦሪጅናሉ ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ ተጫን ተደርጎ የታተመ ሁለት አኃዝ ይታያል። ከተጠራጠርኩ እፈታዋለሁ። የጥገና ሙያ እዚህ ላይ ነው የጠቀመኝ፤ የቻይና ቅጂ ሰሌዳው ሲታይ ያስታውቃል።

የተጫረ ዲስክ ስታዩ በጥርስ ሳሙና እንዳታሹት። ጌም ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ ይህን ዘዴ ያውቃል። ለአንድ ቀን ጨዋታ ይሠራ ይሆናል፤ ሰብሳቢ ግን ሲያየው ይሸሻል።

ትልቁ ችግር ካርቶንና መመሪያው ነው። የእኛ ጌም ቤቶች ዲስኩን ከማቀፊያው አውጥተው ሲዲ አልበም ውስጥ ይሰኩታል። የሽፋኑ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። መመሪያውን ሕፃን ይቀደዋል። በየትም አገር እንዲህ ስለሆነ ነው ወረቀቱ ከዲስኩ በላይ የሚወደደው። «ኧርዝባውንድ» የተባለው የኒንቴንዶ ጌም በ1995 አሜሪካ ሲወጣ ትልቅ ካርቶን ነበረው፤ ውስጡ ሙሉ መመሪያ መጽሐፍ አለ። ያኔ ብዙም አልተሸጠም። የገዙትም ካርቶኑን ጣሉት። አሁን ካሴቱ ብቻውን ውድ ነው፤ ከነካርቶኑ ግን ዋጋው በብዙ እጥፍ ይዘላል። ስለዚህ አሁን ባለቤቶቹን የምጠይቀው ስለ ዲስኩ አይደለም። «ወረቀቶቹ የት አሉ?» ነው። ስታገኙም ከግድግዳ አርቁት። የማርቆስ ክረምት ወረቀት አይምርም፤ ሻጋታ የነካው መመሪያ ደግሞ አይድንም።

አሁን ወደ አንዱ ካርቶን። ባለቤቱ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ጌም ቤታቸውን ዘግተው ጁስ ቤት ሊያደርጉት ነበር። እህታቸው ከአሜሪካ ስትመጣ ማጫወቻና አንድ ቁልል ዲስክ ይዛላቸው መጥታ ነበር፤ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በጅምላ የሰበሰበችው። ኳስ ያለባቸው ዲስኮች ተፈግፍገው አልቀዋል። ሌሎቹ አልተነኩም። ከነዚያ ውስጥ «ኩኦን» የሚል አየሁ። ማቀፊያው፣ መመሪያው፣ ሁሉም አለ።

«ኩኦን» በ2004 የወጣ የፕሌይስቴሽን 2 አስፈሪ ጌም ነው። በጥንታዊት ጃፓን፣ በሄይያን ዘመን ውስጥ ያለ ታሪክ። ያኔ ብዙ ሰው አልገዛውም። የሠራው ፍሮምሶፍትዌር ግን በኋላ «ዳርክ ሶልስ»ን፣ በ2022 ደግሞ «ኤልደን ሪንግ»ን አወጣ፤ ስሙ ዓለምን አዳረሰ። አዲሶቹ አድናቂዎች የቀድሞ ሥራዎቹን ማደን ጀመሩ። ሙሉው «ኩኦን» ዛሬ ብዙ መቶ ዶላር ያወጣል። ጥቂት ሰው የገዛው፣ ብዙ ሰው የፈለገው ማለት ይኼ ነው።

«ጋሼ፣ ይቺ ውድ ናት» አልኳቸው።

«ወግድ! ማንም ያልተጫወተባት?»

«ስላልተጫወቱባት ነው።»

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ዝም ብለህ በሃምሳ ብር አትገዛቸውም ነበር? ገበያ እኮ ነው ይላሉ። እኔ ግን በትንሽ ከተማ ነው የምኖረው። ነገ ዋጋውን ቢሰሙ ፊታቸውን እንዴት አያለሁ? ደግሞም አንድ ሰው በትክክል ከፈልክ ሌሎች አምስት ሰዎች ጓዳቸውን ይከፍቱልሃል። ስልኬን አውጥቼ ዋጋውን አሳየኋቸው። የምመለከተው ሻጭ የጠራውን አይደለም፤ በእርግጥ የተሸጠበትን ነው። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ቦታ አለ። ፕራይስቻርቲንግ የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ ዲስክ ብቻውን፣ ሙሉውንና አዲሱን ለየብቻ ያስቀምጣል። ሻጭማ ሚሊዮን ቢጠራ ማን ይከለክለዋል?

እኩል ለእኩል ተስማማን። ዲስኳ በሰው እጅ ወደ አዲስ አበባ ሄደች፣ ከዚያም አሜሪካ ላለችው የአክስቴ ልጅ። እሷ ናት እዚያ የምትሸጥልኝ። የዓባይ በረሃን የተሻገረችው ጃፓን በረዳችን ድልድይ ላይ መሆኑ ፈገግ አሰኝቶኛል፤ ጌሟም የጃፓን ልጅ ናት።

ከዚህ ወዲህ ያለው ዘመን ሌላ መልክ አለው። ዲስክ እየቀረ ነው። በ2014 ፕሌይስቴሽን 4 ላይ «ፒ.ቲ.» የምትባል አጭር አስፈሪ ጌም በነፃ ወጣች፤ ታዋቂው ጃፓናዊ የጌም ሠሪ ሂዴዮ ኮጂማ የሠራት። በ2015 ያወጣት ኩባንያ ኮናሚ ከኢንተርኔት መደብሩ አነሳት። አንዴ ያጠፋት ሰው መልሶ ማውረድ አልቻለም። ያኔ ሰዎች ጌሟ ያለችበትን ማጫወቻ ራሱን በውድ መሸጥ ጀመሩ። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከወጡ የድሮ ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በመደበኛ ገበያ አይገኙም። ስለዚህ ፕሌይስቴሽን 4 ለጥገና ሲመጣልኝ ፎርማት ከማድረጌ በፊት ውስጡን አያለሁ። «ወንድምዓለም፣ እዚህ ውስጥ ያለውን ታውቀዋለህ?» ብዬ ባለቤቱን እጠይቃለሁ። እስካሁን ፊፋ ብቻ ነው ያገኘሁት።

ጋሼ ድርሻቸውን ሲቀበሉ ደጋግመው ቆጠሩት። ጁስ ቤቱ ተከፍቷል፤ የአቮካዶው ጥሩ ነው። የቀሩትን ዲስኮች ግን መደርደሪያ ላይ ቆልፈውባቸዋል። ሰሞኑን ደውለው «ያ የ2008ቱ ፊፋስ?» አሉኝ። ለልጆቹ ይስጧቸው አልኳቸው። «አንተ ስለማትወደው ነው» ብለው ዘጉብኝ።