19 ጊዜ በቁሙ የቀበርኩት ጓደኛዬ

"የበለጠ ሲል እኩልንም ያካትታል።"

ይቺን ነገር ከአፌ ያወጣኋት እኔ ነኝ። በሙሉ ልብ፣ ሲኒ በእጄ እንደያዝኩ፣ ሰባት ሰው ፊት። ከእሁድ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፣ ጥርሴን ስቦርሽ ትመጣለች፣ ባጃጅ ስጠብቅ ትመጣለች፣ ቅዳሴ መሀል ሳይቀር መጥታ አጠገቤ ቆማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ጓደኛሞች ኔትራነር የሚባል የካርድ ጨዋታ ሁለት ሁለት እየሆንን እንጫወታለን፣ ኮንከር የሰለቸው ሰው መጨረሻው ይሄ ነው። አንዱ ወደፊት በሚመጣው ዘመን ያለ ትልቅ ድርጅት ይሆናል፣ አንዱ ሰርጎ የሚገባ ሃከር ይሆናል፣ ድርጅቱ አጀንዳውን ሰርቨር ውስጥ ይደብቃል ሃከሩ ይሰርቃል፣ ቀድሞ 7 ነጥብ የሞላ አሸነፈ። (አጀንዳ ለመስረቅ ሰው ሲጋደል ያየሁት እዚህ ብቻ ነው፣ እኛ መሥሪያ ቤት አጀንዳ ሲነበብ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያወጣው።) የጨዋታው ገንዘብ ክሬዲት ይባላል፣ የኛ ክሬዲት የቢራ ቆርኪ ነው፣ እያንዳንዱ በ5 ቆርኪ ይጀምራል።

ጨዋታውን ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባለው ሰውዬ ነው በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ከዛ በ2012 እንደ አዲስ ታተመ፣ 2018 ላይ ቆመ፣ አሁን ወዳጆቹ ራሳቸው ተሰባስበው ያስቀጥሉታል፣ ካርዱንም "ፋይሉን በነፃ አውርዳችሁ አትሙ" ይላሉ። በነፃ! እኛ ሰፈር ያለውን ፎቶ ኮፒ ቤት ስላላዩት ነው። አንድ ኤፎር ላይ 9 ካርድ ይወጣል፣ የከለር ከፍዬ ቀዩም ሰማያዊውም አረንጓዴውም አንድ ላይ የቀጠነ ሻይ መስሎ ወጣልኝ። ልጁ ብሬን ኪሱ ከከተተ በኋላ ነው "ቀለሙ እያለቀ ነው መሰለኝ" ያለኝ። እያለቀ ነው እና አልቋል ይለያያሉ'ኮ ወንድሜ! እያለቀ ያለ ነገር ገና አላለቀም! ብዬ ጮኼበት ወጣሁ። እንግዲህ ይሄን የተናገርኩት እኔው ነኝ፣ አስታውሱልኝ።

ደንቡ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንብቤ ለልጆቹ የማስረዳው እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ ዳኛው እኔ ሆንኩ። ሚት ዳሜጅ የሚለውን "የሥጋ ጉዳት" ብዬ ተረጎምኩና ሁዳዴ ላይ አንዱ "ጾም ነው፣ የሥጋ ጉዳት አይነካኝም" ብሎ ሁለት ሰዓት ተከራከርን። ጭቅጭቁ ሲበዛብኝ ማብራሪያ መጻፍ ጀመርኩ። በኮምፒውተር፣ በቀንና በቁጥር። አራተኛው ማብራሪያ አዘዞ ጓደኛዬ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፦

"ጉዳዩ፡- ሞትን በተመለከተ ማብራሪያ ስለመስጠት። ሃከሩ በደረሰበት ጉዳት ምክንያት እጁ ላይ ያለው ካርድ ያለቀበት እንደሆነ ወዲያውኑ እንደሞተ ይቆጠራል። ከሰላምታ ጋር።"

ፊርማዬም አለበት። ግልባጭም አለው።

ያ የአዘዞው ጓደኛዬ ሁሌ ሃከር መሆን ነው የሚወደው፣ ሁሌም ይሞታል። ከዚህ በኋላ ሟቹ ልበለው። እሁድ ለት ሟቹ እጁ ላይ 2 ካርድ ይዞ ሰርቨሬ ውስጥ ዘው አለ፣ 2 ጉዳት አደረስኩበት፣ ሁለቱንም ካርድ ጣለ። "ሞተሃል" አልኩት፣ ቆርኪውን መሰብሰብ ጀመርኩ።

እናቱ ቡና እያፈሉ ነበር፣ ሁለት ጎረቤቶችም አሉ።

"ምነው ልጄ፣ በየእሁዱ ልጄን ምትገልብኝ?" አሉኝ።

"እትዬ አይስጉ፣ ጨዋታ ነው። እጁ ባዶ ሆነ ማለት ሞተ ማለት ነው።"

ጀበናውን አስቀመጡት። "ባዶ እጅ መሆን ሞት ከሆነማ እኔ ወር በገባ በ20 ሬሳ ነኛ! መቼ ቀበራችሁኝ?"

ጎረቤትየዋ ደግሞ ቀበል አርገው "ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲሞት እድሩ አንድ ቀን ድንኳን አልተከለለትም" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እዚህ ላይ አብሬ ስቄ ባልፍ ኖሮ ዛሬ ሰው ነበርኩ። እኔ ግን 44ቱን ታቦት ጠርቼ ደንቡ እንዲህ ነው ብዬ ማልኩ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ ሒሳብ የማስጠናውም እኔ ነኝ። ስልኩን አወጣ፣ ደንቡን አወረደ፣ ትንሽ አነበበና "ቲቸር፣ ጉዳቱ ከእጁ ካርድ ቁጥር የበለጠ ከሆነ ነው የሚሞተው ይላል እኮ። 2 ለ2 ከሆነማ ባዶ እጁን በሕይወት አለ" አለ።

ያኔ ነው ያቺን ነገር ያልኳት።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ክፋት የለበትም፣ እሱ ነው የሚያበግነው፣ የምር ግራ ገብቶት ነው የጠየቀኝ። "ቲቸር፣ ባለፈው ኤክስ ከ2 ይበልጣል የሚለው ላይ 2ንም ጨምሬ ስጽፍ በቀይ ኤክስ አርገህብኝ አልነበር? ይበልጣልና እኩል አንድ ቤት አያድሩም ብለኸኝ?"

ብያለሁ። ሁለቴ አስምሬበታለሁ። ስንት ወር ያስጠናሁት ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ሲውል እኔው ላይ ሆነ።

እሱም አላቆመም፣ ወረድ ብሎ ሌላ አገኘ። ድርጅቱ የሚሸነፈው የካርድ ክምሩ ሲያልቅ ሳይሆን ካለቀ በኋላ ካርድ መሳብ ሲኖርበት ነው ይላል። እኔ ክምሩ ባለቀበት ቅጽበት "ተሸንፈሃል" እያልኩ ስንቱን ድርጅት ያለ ጥፋቱ ሳሽግ ከርሜያለሁ።

ይሄ ሁሉ ምንም አልነበረም፣ ሟቹ ደብተሩን ባያመጣ። ደብተሩን ያዝ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ለግልጽነትና ለተጠያቂነት ብዬ። የስምንት ወር ሞት በመስመር በመስመር ተጽፏል፦ "3 ካርድ፣ 3 ጉዳት፣ ሞት። 1 ካርድ፣ 1 ጉዳት፣ ሞት።" ወንድምየው በእስክሪብቶ እየቆጠረ ኦዲት አደረገው። ከ31 ሞት 19ኙ ሞት አይደለም። ደግሞ በየሞቱ አንድ ማኪያቶ አስከፍዬዋለሁ።

ሟቹ ተነስቶ ቆመና ካሳ ጠየቀ። 19 ማኪያቶ። እኔ በወቅቱ ዋጋ እከፍላለሁ አልኩ፣ እሱ በዛሬ ዋጋ ነው አለ፣ "በማኪያቶ ነው የጠጣኸው በማኪያቶ ትመልሳለህ"። ጎረቤቶቹ ሽማግሌ ሆነው ገቡ፣ ከስንት ልመና በኋላ 11 ማኪያቶ እንድከፍልና ደብዳቤውን ከግድግዳው ላይ በገዛ እጄ እንዳነሳ ተፈረደ። ሳነሳው ከነቀለሙ ተገሽልጦ መጣ። አሁን እትዬ ሳሎን ውስጥ የኤፎር ቅርጽ ያለው ነጭ ቦታ አለ፣ የሚቀባውም እኔ ነኝ ማለት ነው፣ ማንም በግልጽ ባይለኝም።

ሁለተኛው ቡና ደረሰ። አንገቴን ደፍቼ ቆርኪ እየቆጠርኩ ነው። እትዬ ሲኒዬን ከፊቴ አነሱና ወደ ብርሃኑ ዘቅዝቀው አዩት።

"ዳኛው" አሉኝ፣ "ይሄም ባዶ ነው። ልቅበረው ወይስ ልቅዳበት?"