ሊጡ ጋቢ የሚለብስበት አገር፦ የእንጀራ ቀን ቀልዶችና ምክንያታቸው

ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገባ ጋቢ ቀድሞ የሚደርሰው ለሊጡ ነው። አባወራው ማታ ገብቶ ጋቢውን ሲፈልግ ጓዳ ውስጥ ቡሃቃው ላይ ተጠምጥሞ ያገኘዋል። «እኔስ ምን ልልበስ?» ሲል «አንተ አትቦካ! እሱ ለከነገ ወዲያ መድረስ አለበት» ይባላል፤ ቤቱም ይስቃል።

በሰሜን ሸዋ ቤቶች እንጀራ በሚጋገርበት ቀን የሚሳቀው ሳቅ አብዛኛው ከሊጡና ከምጣዱ የሚነሣ ነው። እኔ እነዚህን ቀልዶች በጣም እወዳቸዋለሁ፤ ምክንያቱም እያንዳንዳቸው የተበላሸውን ነገር በትክክል ይናገራሉ። አያት «ይሄ እንጀራ አያየኝም» ካሉ፣ አብሲቱ ጋ፣ ማለትም ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውሃ በስሎ የሚመለሰው ጋ፣ የሆነ ነገር ተፈጥሯል ማለት ነው።

ከጋቢው እንጀምር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። በዚህ ብርድ እርሾው ይሠራል እንጂ በጣም ይዘገያል። ለ3 ኪሎ የጤፍ ዱቄት አንድ ተኩል የውሃ ብርጭቆ እርሾ ይበቃል። መጀመሪያ በ2 ሊትር ተኩል ገደማ ለብ ባለ ውሃ ወፈር አድርጎ እጅ እስኪደክም ማሸት፣ ከዚያ ሌላ 2 ሊትር ጨምሮ ማቅጠን ነው። በብርድ ወራት ከሦስት እስከ አራት ቀን ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከላይ ብቻ በመሸፈን ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ባልዲ ሙቀቱን የሚያጣው ከሥር ስለሆነ፣ ሊጡ ጋቢ ከመልበሱ በፊት ከታች የታጠፈ ጆንያ ወይም ሳንቃ መግባት አለበት። ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥም ጥሩ ነው፤ ግን አንዱ ጎን ብቻ እንዳይሞቅ ጠዋትና ማታ ማዞር ያስፈልጋል።

በጣርማ በር ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሊጥ በሁለት ቀን ይደርሳል፤ በሙቀቱ ወራት ከዚያም ይቀድማል። ከደጋ የተዳረች ሙሽራ በለመደችው አቆጣጠር አራተኛውን ቀን ስትጠብቅ፣ ልጆቹ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎርሰው ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። «እትዬ፣ ሎሚ ጨመርሽበት እንዴ?» ይሏታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እርሾውን በግማሽ መቀነስ፣ ላይ ያቀረረውን ቢጫ ውሃ ደፍቶ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ መተካት። ሊጡ በጣም ከኮመጠጠ ውሃውን ሁለት ጊዜ መቀየር ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ግን ጣዕሙን ያጥበዋል። የቆላ እናት ደግሞ ደብረ ብርሃን ልጇን ልትጠይቅ መጥታ በሁለተኛው ቀን «ዛሬም አትጋግሩም?» እያለች ቡሃቃውን ትከፍታለች። በከፈተች ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል፤ እናት ናትና ማንም ደፍሮ «ተይው» አይላትም።

አሁን ወደ አብሲቱ፤ ከሁሉም በላይ የምጨነቅለት እሱ ነው። ቀቢጥ፣ ዐይን የሌለው እንጀራ ሲወጣ የሚነገረው ብዙ ነው፦ «እንቅልፍ አልጠገበም»፣ «ዐይኑን አልገለጠም»፣ «መነጽር ግዙለት»። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ምጣዱ ላይ ሳይሆን ድስቱ ላይ ነው። በዚህ መንገድ ይሠራ፦ ላይ ያቀረረው ውሃ ከተቀዳ በኋላ ሊጡን አማስሎ ከአሥር አንድ ያህሉን ማውጣት፤ ለ3 ኪሎ ዱቄት ሦስት ብርጭቆ ገደማ ይሆናል። 1 ሊትር ተኩል ውሃ አፍልቶ ሊጡን በቀጭኑ እያፈሰሱ ያለማቋረጥ ማማሰል። እጅ ለአፍታ ካረፈ ይጓጉላል፤ የጓጎለው ደግሞ በኋላ እንጀራው መሐል ነጭ ጉብታ ሆኖ ይወጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ መንተክተኩን ብቻ አይቶ ማውረድ አይገባም። ለጤፍ ሙቀቱ ይበቃዋል፤ ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ ግን ይፈልጋል። መብሰሉ የሚታወቀው ሲወፍር፣ ሲያንጸባርቅና የጥሬ ዱቄት ሽታው ሲጠፋ ነው።

ቀጥሎ ያለው ነው ብዙ እንጀራ የሚያሳውረው። አብሲቱ እንደ ወረደ ቡሃቃው ውስጥ ከተገለበጠ ሙቀቱ እርሾውን ይገድለዋል፤ ዐይን የሚያወጣው እሱ ነበር። ጨርሶ ከቀዘቀዘ ደግሞ በደጋው ብርድ ሊጡን የሚያነሣሣ ሙቀት አይኖረውም። ጣትን አግብቶ እስከ አሥር ለመቁጠር የሚያስችል፣ ግን ሞቅ የሚል ሲሆን ነው የሚጨመረው። ከዚያ ሸፍኖ መጠበቅ ነው፦ ቆላ ላይ ግማሽ ሰዓት፣ ደጋ ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት። ኩፍ ብሎ ላዩ በትንንሽ አረፋ ሲሞላ ደርሷል። ኩፍ ያለው እንዳይወርድ ደግሞ ሲቀዱ ከላይ ከላይ ነው እንጂ ቡሃቃውን እያማሰሉ አይደለም።

የዱቄቱ ዓይነትም ቀልድ አለው። ከሚንጃር ወይም ከሞረትና ጅሩ የመጣ ጥሩ ጤፍ ሲሆን እንጀራው ተጠቅልሎ አይሰበርም። መንዝ ላይ ገብስ፣ ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ማሽላ ሲቀላቀል ግን በማግስቱ ይደርቃል፤ «ዛሬ እንጀራ አንቆርስም፣ እንሰብራለን» ይባላል። ጤፉ ከግማሽ እንዳያንስ ማድረግና የተጋገረውን በዚያው ቀን መጨረስ የተሻለ ነው።

ምጣዱ ጋ ስንመጣ የመጀመሪያው እንጀራ ሁልጊዜ ይቅር የሚባልለት ነው። የምጣድ ማሟሻ ይባላል፤ የበኩር ልጅም በብዙ ቤት በዚሁ ስም ሲቀለድበት ያድጋል። እንጀራው «ቤቱን ወደደው፣ አልወጣም አለ» ሲባል ሁለት ነገር ይታይ፦ ምጣዱ በደንብ ግሏል ወይ? ጠብታ ውሃ ስትረጩበት ጭስ ብሎ ወዲያው መጥፋት አለበት። ሁለተኛው ማሰሻው ነው። የተወቀጠ ጎመን ዘር በትንሹ ነስንሶ በንጹሕ ጨርቅ ከመሐል ወደ ጠርዝ ማሸት፤ አዲስ የሸክላ ምጣድ ከሆነ ደግሞ እስኪጠቁርና እስኪለሰልስ ደጋግሞ ማሟሸት።

የሚፈሰው ከዳር ጀምሮ እየዞረ ወደ መሐል ነው፤ ለ60 ሳንቲ ሜትር ምጣድ ግማሽ ሊትር ገደማ። ሲያፈሱ እጅ መቆም የለበትም። እዚህ ላይ አንዴ ጎንበስ ብላችሁ እዩት፦ ጠርዙ መጀመሪያ ፈዘዝ ይላል፣ ቀጥሎ ዐይኑ ከዳር ወደ ውስጥ ተራ በተራ ይከፈታል፣ የሚያብረቀርቀው እርጥበት እየጠበበ ይሄዳል። አክንባሎው የሚደፋው ዐይኑ መሐል ድረስ ሲከፈት ነው። ቀድሞ ከተደፋ እንፋሎቱ ዐይኑን ይደፍነዋል፤ ከዘገየ ላዩ ይደርቃል። ከሁለት ደቂቃ ገደማ በኋላ ጠርዙ ራሱ ከምጣዱ ሲነሣ በሰፌድ ማውጣት ነው።

አዲስ ጋጋሪ ስትለማመድ የሚወጣው ቅርጽ «የአፍሪካ ካርታ» ይባላል፤ ልጆች ከበው «ይሄ ግብፅ ነው፣ ይሄ ደቡብ አፍሪካ» እያሉ ይቆራርሱታል። ካርታ የሚያደርገው ወይ ሊጡ ወፍሮ አለመፍሰሱ ነው፣ ወይ ምጣዱ ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉ። ለመጀመሪያው ከግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ጀምሮ ማቅጠን፣ ለሁለተኛው ከእግሩ ሥር ካርቶን አጥፎ ማስገባት። ልምምዷን ለሚስቁት ልጆች ደግሞ መጥበሻ ሰጥቶ እነሱም እንዲሞክሩ ማድረግን እደግፋለሁ፤ ወንዶቹንም ጨምሮ።

ከዚያ «መብራት ሄደ!» የሚለው ጩኸት አለ። ሁልጊዜ ሊጡ ኩፍ ያለበትን ጊዜ ይመርጣል ይባላል። ግን ሠፈሩ ሁሉ በርቶ የእናንተ ቤት ብቻ ከጠፋ፣ አንድ ሰው ሻይ ጥዷል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ነው። በዚያው መስመር ላይ ምድጃ ወይም ካውያ ሲጨመር ቆጣሪው ጋ ያለው ማብሪያ ይወርዳል። ጥፋተኛውን ለማግኘት ፍለጋ አያስፈልግም፤ የተጣደው ማንቆርቆሪያ ራሱ ይናገራል። መብራቱ ከመንገድ ከጠፋ ደግሞ ደጋ ላይ ብርዱ ባለውለታ ነው፦ ጋቢውን አውልቆ ቡሃቃውን ቀዝቃዛ ቦታ ማቆየት፣ ሊጡ እስከ ማግስቱ ይቆያል። ቆላ ላይ ግን ማገዶ መጣድ ነው።

እንጎቻው፣ ለልጆች የሚጋገረው ትንሹ እንጀራ፣ የቤቱ ትልቁ ክርክር ነው። «የሱ ይበልጣል» የሚለውን የሚያስቆመው እኩል መለካት ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ጭልፋ፣ በሁሉም ፊት። ከቡሃቃው ሥር የቀረው ወፈር ስለሚል ከእንጀራው በላይ አንድ ደቂቃ ይቆይ፤ አለበለዚያ መሐሉ ጥሬ ይሆናል። ትኩሱን በርበሬና ቅቤ ቀብቶ መስጠት ነው። ትልቁን እንጀራ ግን ሳይቀዘቅዝ ደራርበው አትሸፍኑ፤ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይሻግታል።

ቡሃቃው ሲታጠብ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚሆን እርሾ መቅረቱን አረጋግጡ። እርሾ የጨረሰ ቤት ጎረቤት መሄዱ ያለ ነው፤ «ልጄን ሰጥቼሽ እርሾ ልከልክልሽ?» ተብሎ ይሰጣል። የሚቀመጥበት ነገር ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ የዘጋ ሰው፣ ሌሊት በአየሩ ግፊት ክዳኑ ፏ ብሎ ሲወረወር ቤተሰቡን «ሌባ!» አስብሎ ያስነሣል፤ ጓዳውም በእርሾ ይታጠባል። ጠርሙሱን እስከ ግማሽ ብቻ ሙሉት፣ ክዳኑንም ሳታጠብቁ ላላ አድርጋችሁ ግጠሙት።