ጳጉሜ 3፣ ዜሮ ነጥብ

በስልክ የምታስተረጉሙ ታውቁታላችሁ፤ የማስታወስ ምርመራ ከሌላው ጥሪ ሁሉ ይከብዳል። የስኳር ወይም የደም ግፊት ቀጠሮ ከሆነ ታማሚው ካልገባው ጥያቄው ተብራርቶ እንዲደገም ትጠይቃላችሁ። እዚህ ግን አንድ ቃል ጣል ካደረጋችሁ ፈተናውን እናንተ ተፈተናችሁላቸው ማለት ነው።

2020 ላይ ኮቪድ ሲገባ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የምሠራበት ክሊኒክ አረጋውያንን በስልክ ማየት ጀመረ። የያዙት ሞካ የሚባለውን ምርመራ የስልክ ቅጽ ነበር። በአካል ሲሆን ከ30 ይታረማል። ሰዓት መሣል፣ የእንስሳት ሥዕል እያዩ ስም መጥራትና የመሳሰለው በስልክ ስለማይሆን ይቀርና 22 ነጥብ ይተርፋል። ከዚያ ውስጥ 6ቱ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ ዕለት፣ ቦታና ከተማ ናቸው።

ቀኑ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 8፣ ማክሰኞ ነበር። መርማሪዋ በአንድ መስመር፣ እኔ በሌላው፣ ታማሚዋ እናት ከልጃቸው ቤት። ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ እንዲቆጥሩ ሲጠየቁ እንደ ገበያ ሒሳብ አንበለበሉት። ከዚያ ቀኑ መጣ።

«እማማ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ጳጉሜ ሦስት። ሩፋኤል አይደል እንዴ!»

«ዓመተ ምሕረቱስ?»

«አሥራ ሁለት ነዋ። ዓርብ አሥራ ሦስት ይገባል።»

ከጎናቸው ልጅየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማዬ፣ በነሱ በይው! ሴፕቴምበር በይ!» አለች። እናትየዋ ተቆጡ። «ዝም በይ አንቺ፣ እኔን ነው የጠየቁኝ።»

የሰማሁትን ሁሉ ማድረስ ግዴታዬ ነው። ሹክሹክታውንም፣ ቁጣውንም፣ 2012ንም እንዳለ አደረስኩ። ከዚያ ደንቡ በሚፈቅደው መንገድ ስለ ራሴ በሦስተኛ ሰው ተናገርኩ፦ «አስተርጓሚዋ ማብራሪያ አላት። ታማሚዋ የሚቆጥሩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። 13ኛ ወር አለው። ዛሬ ጳጉሜ 3፣ 2012 ነው።»

የመርማሪዋ መልስ እስካሁን ያንገበግበኛል። «እባክሽ ያሉትን ብቻ አስተርጉሚ። ቅጹ የሚጠይቀው የዛሬን ቀን ነው።»

እሳቸውስ የመለሱት የማንን ቀን ነው? ጥያቄው የሚፈትነው ሰው በጊዜ ውስጥ የት እንዳለ ማወቁን ነው። እኚህ ሴት ቀኑን ከነታቦቱ፣ አዲስ ዓመት የሚገባበትን ዕለት ጨምረው ተናገሩ። ዓርብ ደግሞ በእርግጥ መስከረም 1፣ 2013 ነበር። ሆኖም ቀን ዜሮ፣ ወር ዜሮ፣ ዓመት ዜሮ ተባለ።

«ታዲያ ለምን ቀይረሽ ሴፕቴምበር 8 አላልሽም?» ያሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ። በዚህ አልስማማም። እሳቸው ያላሉትን መልስ ሰጠሁላቸው ማለት ነው። ነገ አቆጣጠሩ የጠፋበት ታማሚ ቢመጣም በእኔ ትርጉም ደህና መስሎ ያልፋል። ያሉትን ማድረስ፣ ማብራሪያውን በግልጽ መስጠት፣ ውሳኔውን ለመርማሪው መተው፤ ትክክሉ ይኸው ነው። መርማሪው አልሰማም ሲል ምን ይደረግ የሚለውን ግን ማንም አላስተማረንም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በአካል ሲቀርቡ ተርጓሚዋ እኔው ነበርኩ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ስለ ዓመቱ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ወዲያው ሦስቱን ነጥብ መለሰ። ነገር ግን እንዲይዟቸው ከተነገሯቸው አምስት ቃላት ያስታወሱት አንዱን ብቻ ስለነበር ምርመራው ቀጠለ። የታይሮይድና የቢ12 የደም ምርመራ ታዘዘ፣ የሚወስዱት ኪኒን ሁሉ ከቦርሳ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። አንዱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የእንቅልፍ ኪኒን ነበር። ዳይፈንሃይድራሚን የሚባለው መድኃኒት አለበት፤ አረጋውያን ላይ ማስታወስን ያደነዝዛል። ሐኪሙ እሱን አቁመው ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና እንዲፈተኑ ቀጠረ።

መርማሪዋን ኮሪደር ላይ ሳገኛት «ያኔም ቢሆን መጠራታቸው አይቀርም ነበር፤ ሦስት ነጥብ ምን ለውጥ አመጣ?» አለችኝ።

ለውጡን ልጅየዋ ነግራኛለች። «የጊዜ ግንዛቤ የላቸውም» የሚለውን ውጤት በስልኳ አነበበች። በዚያው ዕለት የቤቱን ቁልፍ ከእናቷ ወሰደች። ምድጃ እንዳይነኩ ከለከለች። እናትየዋ ሁለት ሳምንት ሙሉ የራሳቸውን ሽሮ እንኳ አልሠሩም። ቃል መርሳታቸው እውነት ሊሆን ይችላል። ቀን አለማወቃቸው ግን ሐሰት ነበር፤ የተቀጡትም በእሱ ነው።

ይህን ለመርማሪዋ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። «ቅጹ አይልም» አለችኝ።

አሁን ከታማሚው ጋር ከመገናኘታችን በፊት መርማሪውን እጠይቃለሁ፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ትክክል ከመለሱ ትቀበላላችሁ ወይ? ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይቀበላሉ። አልቀበልም የሚል ሲገጥመኝ ማብራሪያዬ ከነአስተርጓሚ ቁጥሬ መዝገቡ ላይ እንዲሰፍር እጠይቃለሁ፤ መጻፉን ሳላረጋግጥ ስልኩን አልዘጋም።