ማስጠንቀቂያ ከመፃፌ በፊት ቅሬታውን ባነበው ኖሮ

ዱከም አካባቢ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ሀብት ላይ ስገባ ሥራው ደብዳቤ መፃፍ ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ "እቺ ሴትዮ ሁሌ ታረፍዳለች፣ አሰናብትልኝ" አለኝ፣ አቴንዳንሱን ሳወጣ በሁለት ወር 8 ቀን አርፍደዋል፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደግሞ በስድስት ወር 8 ጊዜ ያረፈደ ያለማስጠንቀቂያ ይሰናበታል ስለሚል ስንብቱን ማርቀቅ ጀመርኩ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "ያለማስጠንቀቂያ" የሚለው ከስንብት በፊት የሚሰጠውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ነው እንጂ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አያስፈልግም ማለት አይደለም። አንቀጽ 27ን ረጋ ብዬ ሳነበው ማርፈዱ የሚቆጠረው በጽሑፍ እየተነገረው ከሆነ ነው፣ የሳቸው ፋይል ውስጥ ግን አንድም ወረቀት የለም። ሱፐርቫይዘሩ "በቃል ስንቴ ነግሬያታለሁ" ይላል፣ ፍርድ ቤት ቢኬድ ይሄ ምን ያደርግልናል?

እሺ ከጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንጀምር ብዬ ጠራኋቸው። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። ደብዳቤውን አንብበው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡና "አልፈርምም ልጄ፣ እኔ ቀድሜ ፅፌልህ የለ?" አሉኝ። መሳቢያዬን ስከፍት እውነትም አለ፣ አራት ቦታ የታጠፈ የደብተር ወረቀት፣ ከገባ ሦስት ሳምንቱ። ሰርቪሱ መስመር ቀይሮ በሰፈራቸው ማለፍ አቁሟል፣ በዛ ሰዓት ደግሞ ታክሲ የለም። ከአቴንዳንሱ ጋር ሳስተያየው ስምንቱም ቀን የጠዋት ፈረቃ ነው፣ ከሰዓት ሲገቡ አንድም ቀን አላረፈዱም። ደብዳቤውን እዛው ፊታቸው ቀድጄ ይቅርታ ጠየኳቸው።

ከዛ በኋላ የሚገባ ቅሬታ ሁሉ መዝገብ ላይ ከነቀኑ ይፃፋል፣ በአምስት ቀን ውስጥም በጽሑፍ መልስ እሰጣለሁ። ማስጠንቀቂያ ከመውጣቱ በፊት ሠራተኛው የራሱን ቃል በራሱ እጅ ይፅፋል፣ አልፈርምም ካለ ማንም አያስገድደውም፣ ሁለት ምስክር ፊት እንደተሰጠው ተፅፎ ይፈረማል። ጊዜም መጠበቅ አለበት፣ አንዴ ሁለት ልጆች ክፉኛ ተደባድበው ኮሚቴው ዛሬ ነገ ሲል ሕጉ የሚሰጠው 30 የሥራ ቀን አለፈና የማሰናበት መብታችን ቀረ፣ የተመታው ልጅ ከመታው ጋር እዛው መስመር ላይ ጎን ለጎን መሥራቱን ሳይ አሁንም ያንገበግበኛል።

ሰርቪሱን ወደ ድሮ መስመሩ ለማስመለስ ከማናጀሩ ጋር ሁለት ወር ተጨቃጨቅኩ፣ እስከዛ እትዬን የከሰዓት ፈረቃ አደረግናቸው።